የሚያወራ መጫወቻ አፍ ይፈታል?

ደሴ ፒያሳ ወይም አራዳ አካባቢ ወደ አንድ የልጆች ዕቃ መሸጫ ጎራ ያለ ሰው ዕቃውን ሳያይ ድምፁን ይሰማል። ካርድ ሲገባበት «አፕል» የሚል ማሽን አለ። ሲነኩት ኤ ቢ ሲ የሚዘምር ላፕቶፕ መሳይ አለ። የሰማውን እየደገመ የሚወዛወዝ ቁልቋልም አለ። ኮምቦልቻም ያው ነው። ሱቅ ያልሄደ ቤት እንኳ አንዱ አይጠፋውም፤ ዐረብ አገር ያለች አክስት በሻንጣ ትልከዋለች።

ዕቃው ለጨዋታ ብቻ ቢሸጥ ብዙም አያነጋግርም ነበር። የሚሸጠው ግን «አፍ ያስፈታል»፣ «ለዘገየ ልጅ አንደኛ ነው» እየተባለ ነው። ልጃቸው ሁለት ዓመት ተኩል ሞልቶት ከ«እማ» ያላለፈ ወላጆች ይህን ሲሰሙ ዋጋ ለመከራከር አቅም አይኖራቸውም። በሌላ በኩል «ልጆቹን ኦቲዝም ያደረጋቸው ይሄው ስክሪንና የሚጮህ ዕቃ ነው» የሚል ወሬ በቲክቶክና በፌስቡክ ይዞራል። ሁለቱም አባባሎች አይጸኑም። የማይጸኑበት ምክንያት ግን የተለያየ ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ

በነዚህ መጫወቻዎች ማስታወቂያ ላይ «የመማር ችግር ላለባቸው ሕፃናት» የሚል ነገር ይታያል። ቃሉ ያሳስታል። የመማር ችግር በጠባብ ትርጉሙ ማንበብ፣ መጻፍ ወይም ሒሳብ ላይ የሚታይ ነው። በሰፊው የሚታወቀው ዲስሌክሲያ ነው፤ ማንበብን የሚያከብድ ችግር። ፊደል ያልቆጠረን የሁለት ዓመት ልጅ መርምሮ ዲስሌክሲያ አለበት ማለት አይቻልም። እንግሊዞች ደግሞ ይህንኑ ቃል ለአእምሮ እድገት ውስንነት ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ከለንደን የመጣ መረጃና ከኒው ዮርክ የመጣ መረጃ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ያወራሉ። እዚህ ሲተረጎም ይደባለቃል።

በዚህ ዕድሜ የሚታየው «የእድገት መዘግየት» ነው። ልጁ እኩዮቹ የሚያደርጉትን ገና አልጀመረም ማለት ነው። ከጀርባው የመስማት ችግር፣ ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድሮም ወይም ሴሬብራል ፓልሲ ሊኖር ይችላል፤ የመጨረሻው በአንጎል ላይ ከደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። ምንም ሳይኖርበት ዘግይቶ የሚያወራም ልጅ አለ። «አባቱም በአራት ዓመቱ ነው ያወራው» የሚባለው ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። ችግሩ ልጁ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ቁጭ ብሎ በመጠበቅ አለመታወቁ ነው።

ሐኪሞች ቶሎ እንዲታይ የሚሉት ልጅ አለ። በ12 ወሩ ባባ ዳዳ የማይል፣ በጣቱም የማያመለክት። በ16 ወሩ አንድ ቃል የሌለው። በ24 ወሩ «ውሃ ስጪኝ» እንደሚባለው ሁለት ቃል በራሱ የማያገናኝ። በየትኛውም ዕድሜ ደግሞ ይናገር የነበረውን የተወ።

ከሁሉ በፊት የሚታየው ጆሮ ነው። እዚህ ላይ መጫወቻው ራሱ ሰው ያሳስታል። ጆሮው ደጋግሞ መግል የሚይዝ ልጅ ከኋላው ቀስ ብለው ሲጠሩት ላይሰማ ይችላል። ቁልቋሉ ሙሉ ድምፅ ሲለቅ ግን ዞር ይላል። ቤተሰቡም «ይሰማል እኮ!» ብሎ ይተወዋል።

ተራ የሚነጥቅ ድምፅ

ንግግር ቃል ማጠራቀም ብቻ አይደለም። ተራ መቀባበል ነው። ሕፃኑ ድምፅ ያወጣል፣ እናት ትመልሳለች፣ ዝም ብላ ታየዋለች፣ እሱ እንደገና ይሞክራል። ቃል የሚገባው በዚህ ምልልስ መሃል ነው።

ኩኩሉን አስቡት። እናት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል ታደርግና «ኩኩሉ!» ትላለች። ትጠብቃለች። ልጁ «አልነጋም» ማለት ባይችል «አ...» ይላል፣ ወይም ነጠላውን ይጎትታል። ያ መጎተት መልስ ነው። እሷም እንደ መልስ ትቀበለዋለች፤ ፊቷን ገልጣ ትስቃለች። ልጁ ድምፅ ባወጣ ቁጥር አንድ ነገር እንደሚሆን ይማራል። ተረት ተረት ሲባል «የላም በረት» ማለት፣ እንቆቅልሽ ሲባል «ምን አውቅልህ» ማለት የዚሁ ታላቅ ወንድም ነው። ጨዋታዎቻችን ውስጥ ለሌላው የተተወ ክፍት ቦታ አለ።

መጫወቻው ይህን ክፍት ቦታ አያውቅም። ሸዋ በር ላይ ተራ አስከባሪ የሌለበት የታክሲ ሰልፍ ማለት ነው፤ የቀደመ ይገባል። ቁልፉ ሲነካ ዘፈኑ ይጀምራል፣ መብራቱ ብልጭ ይላል፣ ልጁ አፉን ሳይከፍት የሚቀጥለው ይመጣል። ለማንኛውም ሕፃን ይህ ፈጣን ነው። የዘገየ ልጅ ደግሞ ሰምቶ፣ ገብቶት፣ አፉን አዘጋጅቶ ለመመለስ ከእኩዮቹ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። አምስት ሰከንድ፣ አንዳንዴም አሥር። የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ለወላጅ ቀድመው ከሚያስተምሩት አንዱ ይኸው ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ሲሉት ይቀላል፤ ሲሞክሩት አምስት ሰከንድ ዘላለም ነው።

የሚገርመው ግን መጫወቻው ከልጁ ይልቅ ወላጁን ዝም ማሰኘቱ ነው። አና ሶሳ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከ10 እስከ 16 ወር ያሉ ሕፃናትን ከነወላጆቻቸው በየቤታቸው አጠኑ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ጃማ ፒዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ቤተሰቦቹ በየተራ የሚያወሩ መጫወቻዎች፣ ተራ መጫወቻዎችና የሕፃናት መጻሕፍት ተሰጧቸው። በመጽሐፍ ሲጫወቱ ወላጆች በደቂቃ በአማካይ 67 ያህል ቃላት ተናገሩ። በእንጨትና በጎማ መጫወቻ 56 ያህል። በሚያወራው መጫወቻ 40 ብቻ። ምልልሱም ቀነሰ፣ ሕፃናቱም ራሳቸው ያወጡት ድምፅ ከመጽሐፉ ጊዜ ያነሰ ነበር። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ዕቃው ሲያወራ ሰው ሥራው የተሠራ ይመስለዋል።

ጥናቱን ግን ከአቅሙ በላይ ማሸከም አይገባም። 26 ቤተሰብ ብቻ ነው። ልጆቹ የእድገት መዘግየት የሌለባቸው ናቸው፤ ወላጆቹም የተማሩ አሜሪካውያን። ለደሴ ልጅ በቀጥታ አይለጠፍም። አቅጣጫው ግን ከሌሎች ጥናቶች ጋር ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ2003 ፓትሪሺያ ኩል የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን 12 ጊዜ ቻይንኛ አሰሟቸው። አንዱ ቡድን ቻይንኛ ከሚናገር ሰው ጋር ተጫወተ። ሌላው ያንኑ በቪዲዮ፣ ሌላው በድምፅ ብቻ አገኘ። የቻይንኛውን ድምፆች መለየት የቻሉት ከሰው ጋር የተጫወቱት ብቻ ነበሩ።

«ግን እኮ ኤ ቢ ሲ ጨርሷል»

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ይቃወማል። ልጁ በአማርኛ ውሃ አይልም፤ ኤ ቢ ሲን ግን እስከ ዜድ ይወርደዋል። ይህ እድገት አይደለም ወይ?

ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። የሰሙትን እንዳለ መልሶ ማስተጋባት ኢኮላሊያ ይባላል። ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ በብዛት ይታያል። ድሮ እንደ ችግር ብቻ ይታይ ነበር። ዛሬ ብዙ ባለሙያዎች ለአንዳንድ ልጆች የቋንቋ መግቢያ በር እንደሆነ ይናገራሉ። በቱኒዚያ የተጠኑ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ደግሞ ቤተሰባቸው የሚያወራውን የቱኒዚያ ዐረብኛ ትተው የቴሌቪዥኑን መደበኛ ዐረብኛ አቀላጥፈው ሲናገሩ ተገኝተዋል። ስለዚህ «ከዕቃ ማንም አይማርም» ብሎ መዝጋት ትክክል አይደለም። የሚማር ልጅ አለ።

ጥያቄው ልጁ ቃሉን ምን ያደርግበታል የሚለው ነው። «አፕል» የሚለው ልጅ ፖም ሲያይ ነው የሚለው ወይስ ካርዱን ሲያይ? ሲርበው ይጠይቅበታል? የማይጠይቅበት ከሆነ ገና ዜማ ነው። ዜማውን ወደ ንግግር የሚቀይረው ሰው ያስፈልገዋል። «አፕል» ሲል «እንካ፣ ፖም!» ብሎ የሚሰጠው ሰው።

የእንግሊዝኛውም ጉዳይ በጥንቃቄ ይታይ። ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም፤ ዳውን ሲንድሮም ወይም ኦቲዝም ባለባቸው ልጆችም ላይ ጉዳት እንደሌለው ጥናቶች ያሳያሉ። ጉዳዩ ሌላ ነው። እንግሊዝኛው ቤት ውስጥ የሚመልስለት ሰው የለም። ደግሞም መጫወቻው የአማርኛን ድምፅ አያሰማም። ጠ፣ ቀ፣ ጨ በእንግሊዝኛ የሉም። ልጁ በቀን ስንት ጊዜ የሚሰማቸው «ቁጭ በል»፣ «ጠጣ»፣ «ጨረስክ?» እነዚህን ድምፆች የያዙ ናቸው።

አማርኛ የተቀዳበት መጫወቻስ? ይሻላል፤ ግን እሱም ወሰን አለው። አማርኛ የምናናግረውን ሰው ግሡ ውስጥ ይከተዋል። ለወንዱ ና፣ ለሴቷ ነይ። ለእሱ ብላ፣ ለእሷ ብዪ። የተቀዳ ድምፅ ፊቱ ያለው ማን እንደሆነ አያውቅም፤ ሴቷን ልጅ «ና» ሲላት ይውላል። ለሌላው ልጅ ይህ ትንሽ ነገር ነው። ቋንቋ ለሚከብደው ልጅ ግን አንድን ነገር ደጋግሞ በትክክል መስማት ዋጋ አለው።

ቋንቋው የማይታወቅ ዕቃ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ቁልቋሉ ራሱ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ካናዳ ውስጥ ፖላንድኛ የምታውቅ አንዲት አያት ለልጅ ልጇ የገዛችው ቁልቋል ስለ ኮኬይን የሚዘፍን ሆኖ አገኘችው። እሷ ባትሰማው ኖሮ ልጅቷ ስትጨፍርበት ትኖር ነበር።

ለልጁ የሚያወራ እና ልጁ የሚያወራበት

ወሬው ውስጥ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ዕቃዎች በአንድ ስም እየተጠሩ ነው። አንደኛው ለልጁ የሚያወራ መጫወቻ ነው፤ እስካሁን ያነሳነው እሱ ነው። ሁለተኛው ልጁ የሚያወራበት ዕቃ ነው። ልጁ የውሃ ሥዕል ያለበትን ቁልፍ ሲጫን «ውሃ እፈልጋለሁ» ይላል። ድምፁ የማሽን ነው፣ ተራው ግን የልጁ ነው። ይህ ዘርፍ አጋዥና አማራጭ ተግባቦት ይባላል፤ አፍ እስኪፈታ ወይም ባይፈታም በምልክት፣ በሥዕል ወይም በመሣሪያ መግባባት ማለት ነው።

እዚህ ላይ የወላጆች ፍርሃት ይታወቃል። «ቁልፍ መጫን ከለመደ ለምን ያወራል?» ይላሉ። ጥናቱ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የቀደሙ ጥናቶች ግምገማ በዚህ መንገድ ከተረዱት መካከል አስተማማኝ ማስረጃ የተገኘባቸውን 27 ሰዎች ለይቶ ነበር። 89 በመቶዎቹ በንግግራቸውም ተሻሽለዋል፤ የቀሩት ባሉበት ቆዩ፤ ወደ ኋላ የተመለሰ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ሜሪአን ሮምስኪ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ከአሥር ቃል በታች የሚናገሩ 62 የዘገዩ ሕፃናትን በዕጣ ከፋፍለው አዩ። ወላጆችም አብረው ሠለጠኑ። በአፍ ብቻ ከሠለጠነው ቡድን ይልቅ በሚናገር መሣሪያ እንዲገልጹ የተደረጉት ልጆች በአፋቸውም ብዙ ቃል ተናገሩ። እነዚህ መሣሪያዎች ታዲያ ብቻቸውን አልሠሩም፤ አጠገባቸው የሠለጠነ ወላጅ ነበር።

እንዲህ ያለውን መሣሪያ ገዝቶ ማስመጣት ውድ ነው። ሐሳቡ ግን ውድ አይደለም። ከካርቶን ላይ የውሃ፣ የዳቦ፣ የ«በቃ» እና የ«ድገሚ» ሥዕል ለጥፎ ልጁ እንዲያመለክት ማድረግ መነሻ ነው። ስልክ ላይ የእናቱን ድምፅ ቀድቶ በአንድ ንክኪ እንዲሰማ ማድረግም ይቻላል። አንድ ትልቅ ቁልፍ፣ ትንሽ ስፒከርና ጥቂት ሰከንድ የሚቀዳ ቺፕ መግጠም ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ ኤሌክትሪካል ለሚማር የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ እንኳ አይሞላም። ገበያው ውስጥ የሌለው እንዲህ ያለው ዕቃ ነው፤ ቁልቋል ሞልቷል።

የሚያወራው መጫወቻ የሚጠቅምበት ጊዜ

በደፈናው መጣል ግን አይገባም። ጣቱን እንደልቡ ማዘዝ ለማይችል ልጅ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ነገር ማስነሳት ትልቅ ግኝት ነው። «እኔ ሳደርግ ነገር ይሆናል» የሚለውን ይማራል። ከሰው ጋር መጫወት ለሚከብደው ልጅም የጋራ ትኩረት መጀመሪያ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ሰው አንድን ነገር አብሮ ማየት ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ሠርታ የደከመች እናት ልጇ አሥር ደቂቃ በራሱ ቢጫወትላት ጥፋት የለውም። ይህን የሚነቅፍ ሰው ራሱ መጥቶ ይያዝላት።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መግለጫ «ያስተምራል» የሚለው የማሸጊያ ጽሑፍ በአብዛኛው ማስረጃ እንደሌለው፣ ቀላል መጫወቻ እንደሚሻል ጽፏል። ሐኪሞቹ የጠሉት ዕቃውን ሳይሆን ዕቃው የሰውን ቦታ መያዙን ነው። «ኦቲዝም ያመጣል» የሚለው ወሬም አንድ ነገር ይገለብጣል። ኦቲዝም በአብዛኛው ከዘርና ከመወለድ በፊት ካለ የአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ ነው። ከሰው ይልቅ ወደሚያበራና ወደሚጮህ ነገር የሚያዘነብል ልጅ ስክሪን ላይ ይገኛል፤ ስክሪኑን ያየ ሰው ምክንያቱን እዚያው ያገኘ ይመስለዋል። ብዙ ስክሪን ንግግርን ሊያዘገይ መቻሉ ሌላ ጉዳይ ነው።

ወላጅ ለምን ሱቅ ይሄዳል?

ምክንያቱም ሱቁ ቅርብ ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአገሪቱ በጣም ጥቂት ነው፤ ያሉትም አብዛኞቹ አዲስ አበባ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የደሴና የቦሩ ሜዳ ሆስፒታሎች ተዘርፈው ነበር። በዚያን ሰሞን የተወለዱ ልጆች ብዙዎቹ ሊመረመሩ በሚገባቸው ዕድሜ ቤተሰባቸው ኑሮውን እንደገና ሲያቆም ነበር። ጸበልም ዱዓም ያደረሰ ወላጅ፣ ጎረቤት «ይሄን ግዢለት» ስትለው ለምን እምቢ ይላል?

የሚሠራው ነገር ግን ከሱቅ ውጭ ነው ያለው፤ አገር ውስጥም ተሞክሯል። ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንንና ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ሲያቋቁሙ መነሻቸው ኦቲዝም ያለበት የራሳቸው ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ ከሠሯቸው ሥራዎች አንዱ በፊደል ገበታ ላይ የተመሠረተ የንግግር ማስተማሪያ ነው፤ አቡጊዳ ፎነቲክስ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት የተንከባካቢዎች ሥልጠና ደግሞ በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተሞክሯል። የእድገት መዘግየት ያለባቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው። የሚያስተምረው ውድ ዕቃ መጠቀምን አይደለም። ልብስ ሲታጠብ፣ ምግብ ሲቀርብ ልጁን እንዴት ተሳታፊ ማድረግ እንደሚቻል ነው።

ከሁሉ ረጅም ማስረጃ ያለው ግን የጃማይካው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኪንግስተን ውስጥ በምግብ እጥረት የቀነጨሩ 129 ሕፃናት ተመረጡ። ለከፊሎቹ የጤና ሠራተኞች በየሳምንቱ ቤት ድረስ እየሄዱ እናቶችን ከልጅ ጋር መጫወት አሳዩ። መጫወቻው ከወዳደቀ ነገር ቤት ውስጥ የሚሠራ ነበር። ሁለት ዓመት ቆየ። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች እንደነሱ ቀንጭረው ጉብኝቱን ካላገኙት 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው። ልጆቹ የቀነጨሩ እንጂ ኦቲዝም ያለባቸው ስላልነበሩ ሁሉንም ነገር ከዚህ መቅዳት አይቻልም። ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት በምትዞርበት አገር ይህ ሩቅ ሐሳብ አይደለም።

ድንጋዩ፣ ጩኸቱና ጆሮ ጠቢው

ትንሹ ክብ የሰዓት ባትሪ ከምንም በላይ አደገኛ ነው። ሕፃን ከዋጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥል ይችላል፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። ክዳኑ በብሎን ያልታሰረ መጫወቻ አለመግዛት ይሻላል። ድምፁ ለሚጮኸው ስፒከሩ ላይ ፕላስተር መለጠፍ ይበቃል፤ ልጆች ጆሯቸው ላይ ነው የሚያስጠጉት።

ኢንተርኔት የሚገቡና በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚመልሱ አሻንጉሊቶችም እየመጡ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2017 ኬይላ የምትባለውን አሻንጉሊት ድብቅ ማዳመጫ ናት ብላ አግዳለች። እነዚህ ተራ ይጠብቃሉ፤ በዚህ ከድሮዎቹ ይሻላሉ። ግን «ው...» ብሎ ጣቱን ወደ እንስራው የሚቀስርን ልጅ የሚገባው ሰው እንጂ ማይክሮፎን አይደለም፤ ጣቱን አያየውማ።

ሱቅ ውስጥ ያለ ወላጅ አንድ ነገር መሞከር ይችላል። ድምፁን ማጥፋትና ከዕቃው ጋር ምን መጫወት እንደሚቻል ማየት። እንስሶቹ ወጥተው የሚገቡበት የእርሻ ቤት ድምፁ ቢጠፋም ጨዋታ ይተርፈዋል። ቁልቋሉ ግን ዝም ያለ ቁልቋል ነው። ብዙ ቤት ይህ ፈተና ሳይፈለግም ይመጣል፤ ድንጋዩ ያልቅና አዲስ የሚገዛለት ይጠፋል። ላሟ እንግሊዝኛውን ትታ ምንጣፉ ላይ ትጋደማለች። ልጁ ያነሳታል፣ ይነቀንቃታል፣ እናቱን ያያል። ያኔ «እምቧ» የሚል ሰው ያስፈልጋል።